የልብ ምትን የሚያዛቡ መድኃኒቶች፦ አዲስ ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

ደብረ ብርሃን ላይ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። መስኮቱ ላይ ይህን የመሰለ ጭውውት የማይኖርበት ቀን የለም።

"እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም ልጄ።"

"ለግፊት? ለልብ?"

"እሱማ አለ። እሱ የዘወትር ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ?"

የዘወትሩ ሳይጠራ ይቀራል። አዲሱ ይታዘዛል። ሁለቱ ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። አንዳንዴ ግን ልብ ምቱን ያጣል፤ ሰውየውም ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለቀጣዩ ምት ኤሌክትሪኩን መልሶ የሚያዘጋጅባት አጭር ጊዜ አለች። አንዳንድ መድኃኒቶች ይህችን ጊዜ ያስረዝማሉ። ከልክ በላይ ስትረዝም ልብ ደም መርጨቱን ትቶ በፍጥነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በራሱ ከተመለሰ ሰውየው ራሱን ስቶ ይነቃል። ካልተመለሰ ይሞታል።

እነዚህ መድኃኒቶች መጥፎዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ነፍስ ያተርፋሉ። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ፣ ወይም አንዱ ተቅማጥና ትውከት ካደከመው ሰውነት ጋር ሲገጥም ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ይህን አንብባችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። የወባ፣ የቲቢ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የልብ መድኃኒት በድንገት ማቆም ከምንፈራው ነገር የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የምትቀይሩት ካለ ካዘዘላችሁ ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ነው።

## ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቡ

አንድ ፌስታል ያዙ። ቁም ሣጥን፣ የአልጋ ራስጌ፣ የጋቢ ኪስ፣ የእጅ ቦርሳ፣ ሁሉንም ፈትሹ። የሚከተሉትን አንድ ላይ ክተቱ፦

1. በየቀኑ የምትወስዱትን። የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጨጓራ፣ የእንቅልፍ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ።
2. ባለፉት 3 ወራት ወስዳችሁ የጨረሳችሁትን። ባዶ ካርቶን ወይም ባዶ ስትሪፕ ካለ እሱንም።
3. ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የተሰጣችሁን።
4. የሚነፋውን፣ የሚንጠባጠበውንና በመርፌ የሚሰጠውን።
5. የባህል መድኃኒት ካለ እሱንም።

ሰዎች ሁለተኛውን ቁጥር በጣም ይንቁታል። "ጨርሻለሁ እኮ" ይላሉ። አዚትሮማይሲን 3 ቀን ብቻ ይዋጣል፤ ከሰውነት ለመውጣት ግን ከዚያ በላይ ብዙ ቀን ይፈጃል። ክሎሮኪን ለሳምንታት ይቆያል። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ደግሞ ካቆሙት በኋላ እንኳ ለወራት ሰውነት ውስጥ አለ።

ስሙ ካልታወቀ፦ ስትሪፑ በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠ እንደሆነ ስሙ ያለበት ጫፍ ሌላ ሰው ቤት ቀርቷል። በእጃችሁ ያለው ".....ማይሲን" ብቻ የሚል ቁራጭ ነው። ኤሪትሮማይሲንም ክሊንዳማይሲንም በዚሁ ያልቃሉ፤ አንዱ ከዚህ ጽሑፍ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ሌላው የለም። በግምት አትጻፉ። ቁራጩን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ተመለሱ፤ ስሙን በፖስታው ላይ ያስጽፉላችሁ። ያለ ስትሪፕ በወረቀት የተጠቀለለ ፍሬ ከሆነና ማንም ካላወቀው ግን አትዋጡት።

ለወደፊቱ ደግሞ ሁለት ፍሬ ብቻ ስትገዙ እንኳ ስሙ ያለበትን ጫፍ ጠይቁ። እኛ ሻጮቹ ሰልፍ ሲበዛ እንቸኩላለንና እናንተ አስታውሱን።

## ደረጃ 2፦ አንድ ወረቀት ጻፉ

ፌስታሉን ተሸክሞ መዞር ስለማይቻል ወረቀት ያስፈልጋል። ግማሽ ገጽ ይበቃል። በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

1. ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት።
2. ያለባችሁ በሽታ። በተለይ የልብ፣ የኩላሊት፣ የጉበት።
3. የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ መቼ እንደተጀመረ።
4. የጨረሳችሁት ካለ ያለቀበት ቀን።
5. ከዚህ በፊት ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ መቼና ምን ስታደርጉ እንደነበር።
6. ሲቸግር የሚደወልለት ሰው ስልክ።
7. የወረዳችሁ አምቡላንስ ስልክ።

የመጨረሻውን ዛሬውኑ ከጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ ጻፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መንዝ ወይም መርሐቤቴ ገጠር ውስጥ ለምትኖር ሰው ግን ቅርቧ የወረዳው መኪና ናት፤ የሹፌሩ ስልክ ደግሞ በየጊዜው ይቀየራል።

የመድኃኒቱን ስም ከካርቶኑ ላይ እንዳለ ገልብጡት። "ነጯ ክብ"፣ "የልብ ኪኒን" የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። የእንግሊዝኛው ፊደል ከከበዳችሁ የ8ኛ ክፍል ልጅ ይጻፍላችሁ። ወረቀቱን ከጤና መድኅን መታወቂያችሁ ጋር አድርጉት፤ ያ ሐኪም ቤት ስትሄዱ የማይረሳ ነገር ነው። በስልክም ፎቶ አንሱት።

## ደረጃ 3፦ አደጋው ለእናንተ ምን ያህል ቅርብ ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱ። "አዎ" ባላችሁበት ላይ ምልክት አድርጉ።

- ሴት ናችሁ? የሴቶች ልብ ለዚህ ዓይነቱ መዛባት ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጠ ነው።
- ዕድሜያችሁ ከ65 በላይ ነው?
- የልብ ድካም ወይም የቫልቭ ችግር አለ ተብላችኋል?
- ኩላሊታችሁ ወይም ጉበታችሁ ታሟል?
- ሽንት የሚያሸና ኪኒን ትወስዳላችሁ? ላሲክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ?
- በዚህ ሳምንት ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረባችሁ? ምግብስ ተዘግቶባችሁ ሰነበተ?
- የልብ ምታችሁ ዝግተኛ ነው ተብላችሁ ታውቃላችሁ?
- ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ወሬ መጠየቅ ይፈልጋል። "በልብ የሞተ አለ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "የለም" ትባላላችሁ። ለአያት ወይም ለአክስት ሌላ ጥያቄ አቅርቡ፦ ምች መታው ተብሎ የሞተ ጎረምሳ ነበር? ዋና እያወቀ ውሃ ውስጥ የቀረ ነበር? ደንግጣ ወይም ድንገተኛ ጩኸት ሰምታ የምትወድቅ ልጅ ነበረች? ሲወለድ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሆኖ ደግሞ ራሱን የሚስት ልጅ ነበር? እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ በትውልድ የሚመጣ የልብ ኤሌክትሪክ ችግር ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ በቀጣዩ ደረጃ ያሉት መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነኩም።

ተቅማጥና ትውከቱን ቀላል አታድርጉት። ከሰውነት የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም አብረው ይወጣሉ። ልብ ምቱን የሚያስተካክለው በነሱ ነው። ጠበል ጠጥቶ ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰውም ያው ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ስትሄዱ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ አዲስ መድኃኒት የምትጀምሩ ከሆነ ሲያስመልሳችሁ እንደነበረ ተናገሩ።

## ደረጃ 4፦ እነዚህን ስሞች ከወረቀታችሁ ላይ ፈልጉ

ዝርዝሩ ሙሉ አይደለም። እዚህ አካባቢ በብዛት የሚታዘዙትን ብቻ አወጣሁ።

ለኢንፌክሽን፦ አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ የምትሉት)፣ ሊቮፍሎክሳሲን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን።

ለፈንገስ፦ ፍሉኮናዞል፣ እንዲሁም የሚዋጠው ኬቶኮናዞል። ቅባቱ አያሳስብም።

ለወባ፦ ክሎሮኪን፣ ኩዊኒን፣ ኮአርተም።

ለማስመለስ፦ ኦንዳንሴትሮን፣ ዶምፔሪዶን። ዶምፔሪዶን ከ1 ሳምንት በላይ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ለወራት ለጨጓራ ብለው የሚውጡት ሰዎች ግን አሉ።

ለአእምሮ፣ ለነርቭና ለእንቅልፍ፦ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሲታሎፕራም።

መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ፦ ቤዳኩዊሊን፣ ክሎፋዚሚን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን። እነዚህ ሆን ተብሎ አብረው ይሰጣሉ፤ ለዚህም ነው ታካሚዎቹ በየጊዜው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ) የሚነሱት። ቀጠሮውን አትዝለሉ።

የልብ መድኃኒቶች ራሳቸው፦ አሚዮዳሮን፣ ሶታሎል፣ እንዲሁም ያችን አጭር ጊዜ ሳያስረዝም በሌላ መንገድ ምት የሚያዛባው ዲጎክሲን።

ከዝርዝሩ አንዱ ብቻ ካላችሁና በደረጃ 3 ምንም "አዎ" ካላላችሁ ተረጋጉ፤ እንደታዘዘላችሁ ውሰዱ። ሁለት ካገኛችሁ፣ ወይም አንድ ከአንድ "አዎ" ጋር እንኳ ከገጠመ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ጠይቁ።

### በተለይ የሚያስፈሩኝ ግጥሚያዎች

የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምናና ዲጎክሲን። በጨጓራ የሚሠቃይ የልብ ድካም ታካሚ አለ እንበል። ቤቱ ዲጎክሲንና ላሲክስ አለው። ጨጓራው ተመርምሮ ባክቴሪያ ተገኘና ክላሪትሮማይሲን ያለበት ሦስት ዓይነት ኪኒን ታዘዘለት። ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግዳል። ዲጎክሲን ደግሞ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ላሲክሱ በበኩሉ ፖታሲየሙን እያወጣው ነው። ሰውየው ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታየዋል። "ጨጓራዬ ባሰብኝ" ብሎ ይታገሳል። የባሰበት ግን ልቡ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ካላችሁ ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝ "ዲጎክሲን ይወስዳል" በሉ፤ ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል ወይም የዲጎክሲኑን መጠን ይቀንሳል።

ሲፕሮና የአስም ኪኒን። ቴኦፊሊን ወይም አሚኖፊሊን ያለበት የአስም ኪኒን የሚወስድ ሰው ሲፕሮ ወይም ኤሪትሮማይሲን ሲጨመርለት የአስሙ መድኃኒት ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ልብ ይሮጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ ያንፈራግጣል። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ የልቡ ሩጫ ይጨምራል። ስለ ጫት ስትጠየቁ አትፈሩ፤ ለፖሊስ የሚናገር የለም።

የወባ መድኃኒትና "ለጉንፋን" የተጨመረው። ከደጋ ለማሾ ለቀማ ወደ ሸዋ ሮቢትና ቀወት የሚወርዱ ወጣቶች ትኩሳት ይዘው ይመለሳሉ። አንዱ ጋ ኮአርተም፣ ሌላው ጋ አዚትሮማይሲን፣ ሦስተኛው ጋ የማስመለስ ማቆሚያ ይገዛሉ። በላዩ ላይ ለሁለት ቀን ምግብ አልበሉም፤ ሲያስመልሳቸው ከርሟል። መፍትሔው ወባውን አለማከም አይደለም። ወባ ይገድላል፤ የወባ መድኃኒት በትክክል ሲወሰድ ግን ልብን የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። መፍትሔው አንድ ቦታ ተመርምሮ፣ ሁሉንም ለአንድ ሰው ተናግሮ፣ የማያስፈልገውን መተው ነው። የደም ምርመራው ወባ ካለ አንቲባዮቲኩ ለምን እንደተጨመረ ጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ መስኮቱ ላይ ምን ትላላችሁ?

ሐኪሙ ፊትም ሆነ ፋርማሲ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

1. ሳትጠየቁ ወረቀቱን አውጡና አስረክቡ። "ሌላ መድኃኒት አለ?" እስክትባሉ አትጠብቁ፤ በገበያ ቀን ላትጠየቁም ትችላላችሁ።
2. በደረጃ 3 ምልክት ያደረጋችሁበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ለምሳሌ፦ "ልቤን ያመኛል፣ ላሲክስ እወስዳለሁ፣ ሦስት ቀን አስቀምጦኛል።"
3. ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ "ይህ መድኃኒት የልብ ምት ያዛባል? ከነዚህ ጋር ይስማማል?"
4. "ሌላ አማራጭ አለ?" በሉ። ለብዙው ኢንፌክሽን አለ።
5. ስንት ቀን እንደሚወሰድና ቢረሳ ምን እንደሚደረግ አስጽፉ።

ሻጩ ከተቆጣ ወይም ካላወቀ፦ አትከራከሩ። "ለሐኪሙ ላሳየውና ልመለስ" ብላችሁ ውጡ። ማዘዣው የእናንተ ነው፤ የግድ እዚያ አይገዛም። ሐኪም የማይገኝ ከሆነ ጤና ጣቢያ ያለውን የፋርማሲ ባለሙያ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለማን እንደሚደወል ታውቃለች።

ያለ ማዘዣ ለመግዛት ከመጣችሁ፦ የደረጃ 4 መድኃኒቶች በሙሉ በማዘዣ የሚሸጡ ናቸው። "ባለፈው ጊዜ ይሄ አሽሎኝ ነበር" ብላችሁ ባዶ ካርቶን አታሳዩኝ። ባለፈው ጊዜ ላሲክስ አልጀመራችሁም ነበር።

ሌላ ሰው ከላካችሁ፦ ይህ ብዙ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ ነው። ከሰላ ድንጋይ ወይም ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው ማዘዣ ይላካል፤ የመጣው ግን ስለ ታማሚው የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነው። ከማዘዣው ጋር የወረቀቱን ፎቶ ላኩ፤ እናንተም ስልካችሁን ክፍት አድርጉ።

## ደረጃ 6፦ ኢሲጂና የደም ምርመራ

ሁሉም ሰው ኢሲጂ አያስፈልገውም። ጤነኛ ወጣት ለ3 ቀን አዚትሮማይሲን ብሎ ገንዘቡን አያባክን። የሚያስፈልገው ከደረጃ 4 ሁለት ለሚወስድ፣ ወይም አንድ ወስዶ በደረጃ 3 ሁለትና ከዚያ በላይ "አዎ" ላለ፣ ወይም ራሱን ስቶ ለሚያውቅ ሰው ነው።

1. ጤና ጣቢያ ላይ ማሽኑ ላይኖር ይችላል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን በሰው አስጠይቁ።
2. የሚቻል ከሆነ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት ተነሡ። ከጀመራችሁ በኋላ የሚነሣው ከሱ ጋር ይነጻጸራል።
3. የማሽኑ ወረቀት ላይ "ኪውቲሲ" (QTc) የሚል ቁጥር አለ፤ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ አጭር ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመች የሚናገረው እሱ ነው። ስንት እንደሆነ ጠይቁና በወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ለወንድ እስከ 450፣ ለሴት እስከ 460 ሚሊሰከንድ ደህና ነው።
4. ከ500 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከመጀመሪያው በ60 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ሐኪም ሳያይ ቀጣዩን ፍሬ አትዋጡ። በዚያው ቀን ይታይ፤ ለሳምንት ቀጠሮ አትቀበሉ።
5. በዚያው ጉዞ የፖታሲየም፣ የማግኒዚየምና የኩላሊት ምርመራ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ትኩሳት ላይ ሆናችሁ ልባችሁ እየሮጠ የተነሣ ኢሲጂ ቁጥሩን ከእውነቱ አስበልጦ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር አትደንግጡ፤ ትኩሳቱ ሲበርድ እንዲደገም ጠይቁ።

የማሽኑ ወረቀት ቀለሙ ይጠፋል። ወዲያው ፎቶ አንሱት።

ፖታሲየም ዝቅ ካለ፦ ሐኪሙ የሚያዝዘውን ውሰዱ። ድንች፣ ሙዝ፣ ምስርና ባቄላ ፖታሲየም አላቸው፤ መንዝ ላይ ድንችና ባቄላ ችግር አይደለም። ግን ኩላሊቱን ለሚያመው፣ ወይም ስፓይሮኖላክቶን ወይም ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም መጨመር ራሱ ልብ ሊያቆም ይችላል። የፖታሲየም ኪኒን በራሳችሁ አትግዙ።

## ደረጃ 7፦ ከጀመራችሁ በኋላ

በየቀኑ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ሁለት ጣት፣ አመልካቹንና መሐለኛውን፣ በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ። አውራ ጣት አትጠቀሙ፤ የራሱ ትርታ አለው። የስልክ ሰዓት እያያችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ላረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ከቁጥሩ በላይ አመታቱን አድምጡ፤ አንዱን ይዘላል? ቅደም ተከተሉ ይምታታል?

ዲጎክሲን የምትወስዱ ከሆነና ከ60 በታች ከቆጠራችሁ የዕለቱን ከመዋጣችሁ በፊት ደውሉ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በዚህ ጊዜ የሚከተለውን ጠብቁ፦

- ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመራችሁ ኦ.አር.ኤስ (ለምለም) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና እየተጎነጫችሁ ጠጡ፤ በዚያው ቀን ለባለሙያ ንገሩ። ልብ ወይም ኩላሊት ላለበት ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
- ፍሬ ከረሳችሁ በቀጣዩ ሁለት አትዋጡ።
- እስከ 9 ሰዓት የምትፆሙ ከሆነ የቀኑን ሁሉ ኪኒን ለማታ አትሰብስቡ። ሰዓቱን እንዲያስተካክልላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የታመመ ሰው መፆም እንደሌለበት የንስሐ አባታችሁም ይነግሯችኋል።
- አረቄ ይቅር። ከነዚህ አንዱን እየወሰዳችሁ ሲመሻሽ "ለብርዱ" የምትሉት መለኪያ ድርቀትና ትውከት ይጨምራል።

ማቆምና ወዲያው መሄድ የሚገባችሁ መቼ ነው? ቁጭ ባላችሁበት ልብ ድንገት ከሮጠ ወይም ከተንፈራፈረ፣ ዓይን ከጨለመ፣ ልትወድቁ ከደረሳችሁ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረ። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀጣዩን ፍሬ ሳትዋጡ ሂዱ የምላችሁ ለነዚህ ምልክቶችና ከላይ ላልኳችሁ ቁጥሮች ብቻ ነው። ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሞተር አትንዱ።

## ደረጃ 8፦ ሰው ቢወድቅ

በዚህ ምክንያት የሚወድቅ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ሊንፈራገጥ ይችላል። የሚጥል በሽታ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ውድ ደቂቃዎች የሚባክኑት፤ አንዱ ክብሪት ይጭርና ያሸታል፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መሐል ያስገባል፣ ሦስተኛው ውሃ ያፈሳል። ሁሉንም ተዉ።

1. ትከሻውን ነቅንቁ፤ በስሙ ጥሩት።
2. ካልመለሰ ደረቱን እዩ። እየተነፈሰ ነው? አልፎ አልፎ የሚያቃስት፣ የሚያንኮራፋ ዓይነት ትንፋሽ ትንፋሽ አይደለም።
3. በደንብ እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ሰው አምቡላንስ ይጥራ።
4. እየተነፈሰ ካልሆነም ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ እናንተ በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። ከአልጋ አውርዱት።
5. የአንዱን መዳፍ ተረከዝ ደረቱ መሐል ላይ፣ ሌላውን እጅ በላዩ አድርጉ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ተጫኑ፤ ልቀቁ፤ ደግማችሁ ተጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120።
6. አታቋርጡ። በየ2 ደቂቃው ተተካኩ፤ ይደክማል።
7. እስኪነቃ ወይም የሕክምና ሰው እስኪደርስ ቀጥሉ።

የጎድን አጥንት ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ቀጥሉ። አጥንት ይጠገናል።

በራሱ ከነቃ፦ "ደህና ነኝ" ይላል፤ አትመኑት። ያው ነገር በሰዓታት ውስጥ ሊደገም ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ስትደርሱ "ወደቀ" ብቻ አትበሉ። "አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ነው፣ ስሙ ይህ ነው፣ ኢሲጂ ይነሣልን" በሉ። ይህ ካልተነገረ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላስታውስ። ለዚህ ዓይነቱ የምት መዛባት የመጀመሪያው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ለነፍሰ ጡር መንቀጥቀጥ ብለን ማዋለጃ ክፍል የምናስቀምጠው ማለት ነው። ሪፈር ጽፋችሁ መኪና ከመጠበቃችሁ በፊት ሆስፒታል ላለው ሐኪም ደውላችሁ ስለሱ ጠይቁ።

## ደረጃ 9፦ ካለፈ በኋላ

ምክንያቱ መድኃኒት መሆኑ ከተረጋገጠ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ወረቀታችሁ ራስ ላይ ጻፉት፦ "ይህ አይሰጠኝ።" ያንኑ መድኃኒት በሌላ የንግድ ስም ሊሸጡላችሁ ስለሚችሉ ዋናውን ስም አስጽፉ። የቤተሰቡ ወጣቶች በስልካቸው ይያዙት። የገዛችሁበትን ፋርማሲም አሳውቁ፤ የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት ቅጽ አለ፣ የሚሞላው ባለሙያው ነው።

ወንድምና እህት ካላችሁ እነሱም አንድ ጊዜ ኢሲጂ ይነሡ፤ በተለይ ልጅ ሳሉ ሮጠው ወይም ደንግጠው ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ከሆነ።